የወረደውን ማቆየት

ኩዌት፣ ሰኔ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ሀዲያ፤ መካነ ሰላም፣ ወይራ አፋፍ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እቴቴ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጋሼ እብሬስ? ልጃችሁ ሱሀይላስ? ጎረቤቱ፣ ቅሬው፣ ከብቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ በአላህ ፈቃድና በእርስዎ ዱዓ ደህና ነኝ። ከእናታችን ሞት ወዲህ አሳድገው ለሰው ያበቁኝ እርስዎ ነዎትና፣ በሩቅ አገር ሆኜም እጅዎን ስሜ እጀምራለሁ።

ሥራዬ ያው ነው። ቤት ማቀዝቀዣ እንገጥማለን፣ የተበላሸውን እንጠግናለን። ትልቁ ማሽን የሚቀመጠው ጣራ ላይ ስለሆነ የኛም ውሎ ጣራ ላይ ነው። ዘንድሮ ሙቀቱ ሃምሳ ዲግሪ ገባ ይላሉ፤ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም። ከስር ያሉት ሰዎች ብርድ ልብስ ለብሰው ይተኛሉ፣ እኛ ከላያቸው እንጠበሳለን። ለምዶብኛል፤ አያስቡ።

ዛሬ የጻፍኩት ስለ ቤቱ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ያገኘሁት ቦታ አጥር ብቻ ሆኖ ሁለት ዓመት ቆመ። ከጨፌ ምንጭ በላይ ያሉት የአባታችን ጥዶች ለምሰሶም ለማገርም ይበቃሉ። አናጢ አነጋግረው ከዚህ ክረምት በኋላ ያስቆርጡልኝ፤ የተረፈውን እንጨት ነጋዴ ይወስደዋል። ቤቱ ከቆመ መጥቼ ኒካህ አስራለሁ፣ ኢንሻአላህ። የቆርቆሮውን እኔ እልካለሁ።

ሱሀይላ ስንተኛ ወጣች? ካርዷን ሳያሳዩኝ እንዳይቀሩ።

ታናሽ ወንድምዎ መሐሙድ


ወይራ አፋፍ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ ለመሐሙድ

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የያዝከው ይባረክልህ። ደብዳቤህ ከወረኢሉ በመጣ ተመላሽ እጅ ደረሰኝ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ሱሀይላ ከሁለተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታ ካርዷን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ሳያነበው እንዳይቀመጥ ታደርጋለች። አባቷን እንኳ በቀን ሁለት ጊዜ ታስነብበዋለች።

ስለ ጥዶቹ ልንገርህ፤ አይቆረጡም። አስቀድሜ የጻፍኩት ልብህን አንጠልጥዬ እንዳላቆይህ ነው።

በልግ ሲከዳን ይህ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ የገብስ ዘር ሁለት ጊዜ መሬት ውስጥ ቀርቷል። ክረምቱም ዘግይቶ ይገባና ሲመጣ እንደ ጅራፍ ነው፤ በአንድ ቀን የወሩን አውርዶ፣ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይዞት ይወርዳል። ጨፌ ምንጭ እኛ ልጆች ሳለን ዓመቱን ሙሉ ሲፈስ ታውቀዋለህ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ቆመ። ቆሞ አየሁት፣ መሐሙድ። እጄን ብሰድ አሸዋ ብቻ። እስከ ሰኔ ድረስ ሁለት ሰዓት ወደ ታች እየወረድን ከወንዝ ቀዳን። ከምንጩ በላይ የቀሩት ዛፎች እነዚያ የአባታችን ጥዶች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ገደል ከሰል ሆኖ አልቋል። እነሱንም ቆርጬ ቤት ባቆምልህ በቤቱ ውስጥ ምን ትጠጣለህ?

ሽማግሌዎች ቁጣ ነው ይላሉ። በግንቦት እስላሙ ለዱዓ፣ ክርስቲያኑ ለእግዚኦታ በአንድ ቀን ወጣን። እኔም ወጣሁ፤ ያለቀሰው ሁሉ ከልቡ ነበር። ራዲዮው ደግሞ ሌላ ያወራል። ዓለም በሙሉ እየሞቀች ነው፣ ያሞቃትም ሰው ነው ይላል። ከዚያ ሙዚቃ ያስገባል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ሴት ይህ ሁሉ እንዴት ይገባታል?

አንተ ያለህበት የተማረ ሰው አይጠፋም። ገንዘብ አትላክልኝ። ይህን ጠይቅልኝ፤ ምን አሞቃት? እኛስ ምን አድርገን ነው? ማቆሚያስ አለው ወይ?

እህትህ ሀዲያ


ኩዌት፣ ጥቅምት 26 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። የጽሑፉ እጅ ተለውጦ ቢያዩ እንዳይደነግጡ፤ ሥራ በዝቶብኝ እጄ ስለደከመ አንድ ክፍል አብሮኝ የሚያድረው ወንድዬ እየነገርኩት ይጽፍልኛል።

ስለ ጥዶቹ ያሉትን ሰማሁ። እቴቴ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከፍቶኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው አገር ጣራ ላይ የቆምኩት ለአንድ ጣራ ነው። እኩዮቼ ሁሉ ቤት ሠርተዋል። ሆኖም እርስዎ አይሆንም ካሉ ይሁን። ሌላ እንጨት ይፈለግ።

የጠየቁኝን ጠይቄያለሁ። የሥራ አለቃችን ባቢከር የሚባል ሱዳናዊ መሐንዲስ ነው። ‹‹እህቴ እንዲህ ብላ ጠይቃለች›› ስለው ሳቀ፤ ‹‹በአሥራ አምስት ዓመት ሥራዬ ይህን የጠየቀኝ የለም፤ እሷን ብቀጥር ይሻለኝ ነበር›› አለ። ከዚያ ምሳውን ትቶ አስረዳኝ።

ምድር ጋቢ ለብሳለች አለኝ። ጋቢው አየር ነው። ያለ እሱ በብርድ ባለቅን ነበር። ሰው ግን ድንጋይ ከሰልና ዘይት ከመሬት እያወጣ መቶ ዓመት ሙሉ ሲያነድ፣ ጭሱ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ደረበበት። የፀሐይ ሙቀት ይገባል፣ ለመውጣት ግን ያቅተዋል። ፋብሪካው፣ መኪናው፣ እዚህ መብራት የሚሰጠን ኃይል ማመንጫ ሁሉ ዘይት ነው የሚያነደው። ዛፍ ደግሞ ያንን ጭስ እየሳበ ግንዱ ውስጥ ያኖረዋል፤ ሲቆረጥና ሲነድ ያኖረውን መልሶ ይለቀዋል። ‹‹እኛስ ምን አድርገን ነው?›› ላሉት፣ ‹‹ከሁሉም ያነሰውን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። የመጀመሪያው ዱላ ግን ዝናብ ጠብቆ በሚያርስ ላይ ያርፋል›› አለ። ማቆሚያው ማንደድን መቀነስ፣ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከውሃ መብራት ማግኘት፣ ያለውን ደን አለመንካት ነው። ይህ የትልልቆቹ አገሮች ሥራ ነው፤ እነሱም ገና እየተከራከሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ሲነግረኝ አፈርኩ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ጋዝ ራሱ ሲያመልጥ፣ በኪሎ ሲመዘን ከተራው ጭስ ከሺህ እጥፍ በላይ ያሞቃል። እኔ ደግሞ ማሽን በፈታሁ ቁጥር ቱቦውን ከፍቼ ወደ ሰማይ ነው የምለቀው። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንሠራው፤ ይቀላል። ስንቱን እንደለቀቅሁ አላህ ይወቅ።

ለሱሀይላ የትምህርት ቤት ቦርሳ በአንድ ተመላሽ እጅ ልኬያለሁ። ሦስተኛ ክፍል ስለገባች በራሷ እጅ ትጻፍልኝ። አንድ መስመርም ትበቃኛለች።

መሐሙድ


ወይራ አፋፍ፣ ጥር 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከወደቁበት ከማይነሱት አያድርግህ። መልሴ ዘገየ፤ ይቅር በለኝ። ቦርሳው ደርሷል። አላህ ይስጥህ።

የወንድዬ ጽሕፈት መልካም ነው፣ ይባረክ። የሰው እጅ ከሥራ ሲደክም ግን ፊደሉ ይንጋደዳል እንጂ ሌላ ሰው አይሆንም። እጅህ ምን ሆነ?

የባቢከርን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ በታኅሣሥ የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ እንዲጠራ አደረግሁ። ሴት በቅሬ ሸንጎ አትናገርም ያሉ ነበሩ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አስናቀው፣ የላይኛው ሰፈር ክርስቲያን፣ ታውቃቸዋለህ፣ ‹‹ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት፤ ስለ ውሃ እሷ ትናገር›› ብለው ዝም አሰኟቸው።

ተነስቼ እንዲህ አልኩ፤ ‹‹ያነደዱት ሌሎች ናቸው። እነሱን እኔ አላቆማቸውም። ዝናቡንም ካልመጣበት ጎትቼ አላመጣውም። የወረደውን ግን ማቆየት እችላለሁ። ከጨፌ በላይ ያለው ገደል እርቃኑን ሆኖ ውሃው እየተንሸራተተ ያልፈናል። ገደሉን እንከልለው። ከብት አይግባ፣ ምሳር አይግባ። ውሃው ቆሞ የሚሰርግበት ቦይ እንቆፍር።››

አምባቸው ብድግ አለ። ከሰል አክስሎ ነው አራት ልጅ የሚያሳድገው። ‹‹አንቺ ወንድም አለሽ ኩዌት። እኔ ያለኝ ያ ገደል ነው። ፍየሎቼን ወዴት ልንዳ? ልጆቼ ቦይ ይብሉ?›› አለኝ።

እውነቱን ነው፣ መሐሙድ። ሰውም አጉረመረመ፣ ግማሹ ከሱ ጋር ሆነ። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ነው የጨረስነው። ሣሩ እየታጨደ በዕጣ ይከፋፈል ተባለ፤ በከሰል ይተዳደሩ የነበሩት አምስት ቤቶች ግን ያለ ዕጣ መጀመሪያ ይወስዳሉ፣ ከቅሬው እህልም እስከ መኸር ይሰፈርላቸዋል። ከብት ያስገባ የዓመቱ የሣር ድርሻው ይቀራል። ሁለተኛ ያስገባ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ሬሳህን የሚያነሳ አታገኝም። አምባቸው ከሁሉ መጨረሻ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ።

የግብርና ሠራተኛው መጥቶ ልኬቱን በገመድ አሳየን። ቦዩ ገደሉን አግድም እየቆረጠ ይሄዳል፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው። ከጥር መባቻ ጀምሮ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ክርስቲያኑም እስላሙም እንቆፍራለን። መሬቱ ድንጋይ ነው። መዳፌ ቆስሎ ድኗል።

ገንዘብ አትላክ። ጠይቅልኝ፤ በዚህ ዓይነት ስፍራ ቶሎ የሚይዝ አገር በቀል ዛፍ የትኛው ነው ይላሉ?

እህትህ ሀዲያ


ኩዌት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም.

እቴቴ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ገደሉ አለ። ስለ አምባቸው አለ። ስለ ጋሽ አስናቀው አለ። ስለ ሱሀይላ አንዲት ቃል የለም። አንድ መስመር ትጻፍልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ‹‹ቦርሳው ደርሷል›› ብቻ አሉኝ። ማን ጀርባ ላይ እንደዋለ አልነገሩኝም።

ከአጅባር የመጣ ልጅ እዚህ አግኝቼ ስለ እናንተ ብጠይቀው ዓይኑን ሰበረብኝ። ‹‹እኔ ሩቅ ነኝ፣ አላውቅም›› አለ።

ልጅቷ የት ናት?

ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ እጽፋለሁ።

መሐሙድ


ወይራ አፋፍ፣ ሰኔ 5 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ ለመሐሙድ

አላህ ጽናቱን ይስጥህ። ተቀምጠህ አንብበው።

ሱሀይላ ኅዳር 8 ቀን ሞታለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ትኩሳት ያዛት። ብርድ ነው ብለን ጋቢ ደርበን ሦስት ቀን አስተኛናት። ሲያንቀጠቅጣት ምች ነው ያለም ነበር፤ ቅጠል ቀጥቅጠን አሸተትናት። በአራተኛው ቀን ስታቃዥ በቃሬዛ ይዘናት ወደ መካነ ሰላም ወጣን። ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ ተሸከማት። የጤና ባለሙያዋ ጣቷን ወግታ ደሙን አየችና ‹‹ወባ ነው›› አለች።

‹‹ወባ የቆላ ነው፤ ልጄ ወደ ዓባይ ወርዳ አታውቅም›› አልኳት።

‹‹እሷ አልወረደችም፣ እናትዬ፤ ወባው ነው የወጣው። ቀድሞ እናንተ ጋ ብርዱ ትንኟን ይገድላት ነበር፤ አሁን ያ ብርድ የለም። በዚህ ወር ብቻ ከእናንተ አፋፍ ሰባተኛዋ ናት›› አለችኝ።

መድኃኒቱን ሰጠቻት። ዘግይተን ነበር። ያዘገየነው እኛ ነን። በሚቀጥለው ቀን ከአሱር ሶላት በፊት እጄ ላይ አለፈች። ቦርሳው የደረሰው በተቀበረች በአሥራ አራተኛው ቀን ነው።

ለምን ደበቅሽኝ ትለኝ ይሆናል። አንተ ጣራ ላይ ነህ። ጣራ ላይ ለቆመ ሰው መርዶ አይነገርም ብዬ ነው። ዛሬም የጻፍኩት ስለ ጠየቅኸኝ ነው።

ቅሬውን ያስጠራሁት አርባዋን ካወጣሁ በኋላ ነው። አሁን ገባህ?

ሌላም ያልነገርኩህ አለ፤ ከተናገርኩ ልጨርሰው። በልግ ዘንድሮም ቀረ። በግንቦት ከብት መውደቅ ጀመረ። የኛ ሁለት በሬዎች ጎድናቸው ተቆጠረ። የተከለለው ገደል ግን ባለፈው ጥቅምት ከወረደው ዝናብ የተረፈ ሣር ይዞ ቆሞ ነበር። በዓይናችን እያየነው።

አንድ ማለዳ ብነሳ ዳልቻው በሬያችን በረት ውስጥ የለም። ወጥቼ ሳይ ከአጥሩ ውስጥ ቆሞ ይግጣል፤ እብሬ አጠገቡ ተቀምጧል።

‹‹ምን እያደረግህ ነው?›› አልኩት።

‹‹በሬው እየሞተ ነው። ሣር እዚህ አለ።››

‹‹ሣሩ የቅሬው ነው፣ እብሬ።››

‹‹ልጄን ቀብሬያለሁ። በሬዬን አልቀብርም!›› አለኝ። እንዲያ ሲጮህ በሃያ ዓመት ትዳራችን ሰምቼው አላውቅም።

በሬውን ይዤ አወጣሁት። ሌላ ያየን ሰው አልነበረም። ልደብቀው እችል ነበር። ገደሉን እየዞርኩ አሰብኩ፤ ይህን ብደብቅ ነገ የአምባቸውን ፍየል በምን አፌ አስወጣለሁ? ጋሽ አስናቀው ቤት ሄድኩ።

ሸንጎው ተቀመጠ። አንዱ፣ ‹‹ሀዲያ፣ ባልሽን ትከስሻለሽ?›› አለኝ። ‹‹በሬያችንን ነው የከሰስኩት። ባለቤቶቹ ሁለታችንም ነን፤ ቅጣቱም የሁለታችን ነው›› አልኩ። ጋሽ አስናቀው፣ ‹‹የሣር ድርሻቸው ለዓመት ቀርቷል›› ብለው ፈረዱ። በሳምንቱ ዳልቻውን አጅባር ወስደን ሸጥነው። የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ አርሳለሁ።

እብሬ ከገበያው አብሮኝ አልተመለሰም። ወረኢሉ ወንድሙ ጋ ሄዷል። ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። አምባቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፍየሎቹን በገመድ አስሮ እያጨደ ያበላል። የቦዩ ቁፋሮም ከሰላሳ ሰው ወደ ሰባ ወጥቷል።

ክረምት ሊገባ ነው። ቦዮቹ ተዘጋጅተው አፋቸውን ከፍተዋል። ስለ እኔ አትፍራ። እጅህን ግን ንገረኝ።

እህትህ ሀዲያ


ኩዌት፣ መስከረም 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

እቴቴ፣ እናቴ፤

አላህ የሱሀይላን ቦታ ጀነት ያድርገው፤ ለእርስዎም ለጋሼም ሰብሩን ያብዛላችሁ። ደብዳቤዎን የሰጡኝ ሥራ ቦታ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ባቢከር መጥቶ ሳይጠይቀኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ቀን ጣራ አልወጣሁም።

እኔም ዋሽቻለሁ። ካቻምና ነሐሴ፣ ሙቀቱ አናቴን መትቶኝ ከጣራው መሰላል ላይ ወድቄያለሁ። ቀኝ እጄ ከአንጓው ተሰበረ። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ለዚያ ነው ወንድዬ የጻፈልኝ። አሁን እንደሚያዩት እጁ የራሴ ነው፤ ፊደሉ ግን እርስዎ እንዳሉት ይንጋደዳል። እርስዎ ጣራ ላይ ነህ ብለው ደበቁኝ፤ እኔ ልጅ ይዛለች፣ በልግ ቀርቶባታል ብዬ ደበቅሁዎት። ያ አንድ ሙቀት ሁለታችንንም መትቶናል፤ አንዳችን ላንዳችን ሳንናገር።

ባለፈው ሐምሌ አንድ የኔፓል ልጅ አጠገቤ ወደቀ። በጀርባዬ አወረድኩት፤ ተርፏል። በማግሥቱ ሠራተኛውን ሰብስቤ፣ ‹‹ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ጣራ አንወጣም፤ ጎህ ሲቀድ እንጀምር›› አልኩ። እኔ መናገር እችላለሁ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ቅሬው ፊት የቆሙት እርስዎ ትዝ አሉኝ። የድርጅቱ ባለቤት ወደ አገርህ እሰድሃለሁ ብሎ ዛተ። ‹‹አገሬ ሥራ አለ›› አልኩት። አሥራ ዘጠኛችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ተስማማ።

ጋዙንም ከእንግዲህ አልለቅም። ባቢከር ማጠራቀሚያ ሲሊንደርና መሳቢያ ማሽን አስመጣልኝ። አንዱን ማሽን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ይጨምርብኛል። ጓደኞቼ ‹‹ሰማይ ጠባቂው›› እያሉ ይስቁብኛል። አሁን ሦስቱ እንደኔ ይሠራሉ። ይህ ከዓለም ጭስ ምን ያህሉ ነው ቢሉኝ፣ ምንም አይደለም። ግን በእጄ ያለው እሱ ነው።

ስለ ዛፉ ባቢከር የሚያውቁ ሰዎች ጠይቆልኛል፤ ከዚያው አካባቢ ዘሩ የተለቀመ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ አይከዳም አሉ። ከብት ካልገባ ብዙው ራሱ ይበቅላል ብለዋል።

ቤቱ ይቅር። ጥዶቹ ይቁሙ። ውሌ በመጪው መስከረም ያልቃል፤ አላድሰውም።

መሐሙድ


ወይራ አፋፍ፣ ግንቦት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሐሙድ

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ በሄድክበት ይከተልህ፣ በሰላም ያግባህ። የተንጋደደ ፊደልህን ሳየው አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ። ‹‹አገሬ ሥራ አለ›› ማለትህን ለጋሽ አስናቀው ባነብላቸው ‹‹አልዋሸም›› አሉ።

የመልሴን መዘግየት ምክንያት ልንገርህ፤ አይቼ ልጽፍልህ ፈልጌ ነው።

ክረምቱ እንደ ልማዱ ዘግይቶ በጅራፍ መጣ። በነሐሴ አንድ ቀን በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድ ሁላችንም ነጠላ ተከናንበን ወደ ገደሉ ሮጥን። ቦዮቹ ሞሉ። ሁለቱ ተደርምሰው ነበር፣ ዝናብ እየወረደብን ደፈንናቸው። ሌላው ውሃ ግን ቆመ! ያ ገደል ውሃ ይዞ ሲቆም በሕይወቴ አላየሁም ነበር።

አምባቸው፣ ‹‹ውሃ ከቆመ ትንኝ አይፈለፈልበትም ወይ?›› ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን እሱ ሳይጠይቅ የጤና ባለሙያዋን ጠይቄ ነበር። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ የሚሰርግ ውሃ ትንኝ አይፈለፈልበትም አለችኝ። ዝናብ ከጣለ በአራተኛው ቀን አንድ በአንድ እየዞርኩ አያለሁ፤ ውሃ ያቆረውን ዳሩን ከፍተን እናስፈሳለን። ይህን ሥራ ለማንም አልሰጥም። አሁን ትኩሳት ያለው ሁሉ በዚያው ቀን ወደ መካነ ሰላም እንዲሄድም በቅሬው ደንብ አስገብተናል፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙት ተረኞች ተመድበዋል። ባለፈው ጥቅምት አራት ሰው ታመመብን፤ አራቱም ድነዋል።

እብሬ በጥቅምት ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በማግሥቱ ዶማ አንስቶ ወጣ። ማምሻውን ሲመለስ ‹‹ስድስተኛው ቦይ ዳሩ ላልቷል፤ ማን ነው የሠራው?›› አለኝ። ‹‹እኔ›› ስለው ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በልግ ዘንድሮ ሦስት ቀን ብቻ ዘነበ። ገብሱ የተረፈው እኩሌታው ነው። ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም፤ ሙቀቱም አልቀነሰም፣ ባቢከርም እንዳለው ገና ይጨምራል። ጨፌ ምንጭ ግን አልቆመም። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ቀጥኗል፣ የአውራ ጣት ያህል ነው። ቢሆንም ይፈሳል።

ወሬው ወደ ታች ወረደ። ባለፈው ሰኞ ከስራችን ካለው ሰፈር ሠላሳ ያህል ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው መጡ። መሪያቸው የሻለም የምትባል፣ አፏ የደረቀ ነፍሰ ጡር ናት። ‹‹ወንዙ ደርቋል። ካላጠጣችሁን ልንሰደድ ነው›› አለች።

ቅሬው ተቀመጠ። ብዙው ሰው አይሆንም አለ። ‹‹እኛ ስንቆፍር እነሱ የት ነበሩ? ለሁለት ሰፈር ከቀዳነው በሳምንት ያልቃል›› አሉ። ‹‹ምንጩን በቁልፍ እንዝጋው›› ያለም አለ። ቂም አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ አወቅሁት።

እኔ ተነሳሁ። ‹‹ውሃ አይከለከልም። እኛ ያላነደድነው እሳት ሲያቃጥለን ሁለት ዓመት ‹የኛ ጥፋት አይደለም፣ ለምን ይደርስብናል?› ስንል ኖረናል። አሁን እኛ ደግሞ በተራችን ባለ ውሃ ሆነን በር ልንዘጋ ነው? ይቅዱ። በተራ፣ በልክ፣ እኛም ከድርሻችን ቀንሰን። ግን ምንጫችን ሁለት ሰፈር ለዘላለም አይችልም። ስለዚህ የሚቀዳ ቤት ሁሉ በራሱ ገደል ላይ ቦይ ይቆፍር። ካላወቁ እናሳያቸዋለን›› አልኩ።

ከዚያ አምባቸው፣ ‹‹እኔ እወርዳለሁ። ከሰል አክሳዮቻቸውን የማናግረው እኔ ነኝ፤ እናንተን አይሰሟችሁም›› አለ። እብሬም ልኬት መዘርጊያውን ገመድ ወሰደ። ጋሽ አስናቀው ሁለቱንም ሃይማኖት በየዱዓው አስመርቀው ሸንጎውን ዘጉ።

የሻለም ጀሪካኗን ሞልታ ስትነሳ፣ ‹‹እኔ መቆፈር አልችልም፤ ለመውለድ አንድ ወር ነው የቀረኝ›› አለችኝ። ‹‹ወልደሽ ትቆፍሪያለሽ፤ ቦዩ አይሸሽም›› አልኳት።

ነገ ከማለዳ አርባ ሰው ይዘን ወደ ታች እንወርዳለን። ከዚያ ሰፈር በታች ደግሞ ሌላ ገደል አለ፤ ከዚያም ሌላ፣ እስከ ዓባይ ድረስ። አንተ በመስከረም ስትመጣ የት ጋ እንደምንደርስ አላውቅም። መካነ ሰላም ከአውቶቡስ ስትወርድ ቤት ሂደህ አትፈልገን፤ ቁልቁል ተመልከትና አቧራ ወዳለበት ና። ዶማ ይዘህ እንዳትለፋ፤ እዚህ ሞልቷል።

የዶማዬ እጀታ ላልቶብኛል፤ ብርሃን ሳለ ልሸብበው።

እህትህ ሀዲያ